ቁጥሩን ተዉት፣ ነፋሱ ከየት ነው?

በአሽዶድ ከአማርኛ ተናጋሪ ወላጆችና ወጣቶች ጋር በተደረገ የምሽት ስብሰባ ላይ ስለ ባሕር ዳርቻው የፀደይ አየር የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወጣቶች፣ ከሥራ መልስ ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አየር ነው። ስለ አየር ማውራት ተራ ነገር ይመስላል። ከጎረቤት ጋር አሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ «ዛሬስ ሞቀ አይደል?» ተባብለን እንለያያለን። እኔ ግን ቁም ነገር ነው ብዬ ነው የመጣሁት። ከአሽቀሎን እስከ ሐይፋ ባለው በዚህ የባሕር ዳርቻ አንድ የፀደይ ሳምንት አዛውንት ሆስፒታል ያስገባል፣ ጫካ ያቃጥላል፣ ዋና የማይችል ልጅ በማዕበል ያስወስዳል። እዚያው ሳምንት ውስጥ የዓመቱ ምርጥ ሁለት ሦስት ቀናትም አሉ። ክፉውን ቀን ከደጉ የሚለየው ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው።

ብዙዎቻችን ጠዋት ስልካችንን ከፍተን ቁጥሩን እናያለን። 20 ካለ ሹራብ እንደርባለን፣ 36 ካለ እንማረራለን። በነሐሴ ይሄ ይበቃል፤ ዛሬና ነገ አንድ ናቸው። በፀደይ ግን ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታል። ጠዋት 19፣ ቀትር ላይ 37፣ ማታ ተመልሶ 20 የሚሆንበት ቀን አለ። ስለዚህ ከዛሬ ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ ስንት ዲግሪ ነው ከማለታችሁ በፊት ነፋሱ ከየት ነው በሉ።

እዚህ የተቀመጣችሁ ታላላቆች ሰማይ ማንበብን ከእኔ አትማሩም። ጎንደርና ሰሜን ተራራ ያደገ ሰው ደመናውን አይቶ ነው የሚዘራው፣ ነጎድጓዱን ሰምቶ ነው ከብቱን የሚሰበስበው። ችግሩ የዚያ አገር አየርና የዚህ አገር አየር የሚሄዱበት ሕግ የተለያየ መሆኑ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። እዚያ ትልቁ የሙቀት ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ጋቢ ያስፈልጋል። የመጋቢት አንዱ ቀን ግን ሌላውን ቀን ይመስላል። ሰው ለሰዓቱ ይዘጋጃል እንጂ ነገ ምን ዓይነት አየር ይመጣል ብሎ ብዙም አይጨነቅም።

አሽዶድ ያለችው 32 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከሰሜን የአውሮፓ ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል። ከደቡብና ከምሥራቅ የሰሃራና የዓረብ በረሃ ሙቅ አየር ይመጣል። በዝናቡ ወራት ሰሜኑ ያይላል። በበጋ ሁሉም ጸጥ ይላል። በፀደይ ግን ሁለቱ ገና እየተገፋፉ ነው፤ ድንበራቸውም እኛ ጣሪያ ላይ ያልፋል። ዛሬ የዚህ ወገን፣ ነገ የዚያ ወገን አየር ውስጥ እንውላለን። «ትናንት ብርድ፣ ዛሬ እሳት፣ ምን ዓይነት አገር ነው?» ስትሉ የምሰማው ለዚህ ነው።

እስኪ አንድ ሳምንት ወስደን አብረን እንየው። የአንድ ዓመት የተወሰነ ሳምንት አይደለም። ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ድረስ እየተደጋገመ የሚመጣ ዓይነት ሳምንት ነው።

ሳምንቱ በመልካም ቀን ይጀምር። የኤፕሪል የቀን ሙቀት በባሕር ዳርቻው በአማካይ 23 ዲግሪ ገደማ ነው። ጠዋት ነፋስ የለም ለማለት ይቻላል። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ከባሕሩ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይተኛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፀሐይ መሬቱን ቶሎ ታሞቃለች። ባሕሩ ግን ሙቀት የሚቀበለው ቀስ ብሎ ስለሆነ በኤፕሪል ገና 18 ወይም 19 ዲግሪ ላይ ነው። የሞቀው የመሬት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ የባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊሞላ ይገባል። ጣና ዳር የኖራችሁ ይህን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ቀን ቀን ከሐይቁ ወደ ዳር የሚነፍሰው ያ ነፋስ ራሱ ነው። እዚህ የሚለየው ባሕሩ ትልቅ መሆኑ ነው።

ይህ ነፋስ እስካለ ድረስ ምንም አትፍሩ። መስኮት ክፈቱ፣ ልብስ አስጡ፣ ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ሜዳ ውጡ። የምዕራብ ነፋስ የባሕር ዳርቻ ሰው ወዳጅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከእኛ እጅግ ርቆ፣ ሞሮኮና አልጄሪያ ውስጥ ባሉት በአትላስ ተራሮች ጀርባ ነው። ከተራሮቹ በስተደቡብ ሰሃራ ይጀምራል። በፀደይ ፀሐይ በረሃውን ቶሎ ታግለዋለች፣ ሜዲትራኒያን ግን ገና የክረምቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው። በጋለው በረሃና በቀዘቀዘው ባሕር መካከል ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይወለዳል። ተወልዶም አይቀመጥም፤ የሰሜን አፍሪካን ጠረፍ ይዞ በሊቢያና በግብፅ በኩል ወደ ምሥራቅ ይገሠግሳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ፒንሐስ አልፐርትና ባሩክ ዚቭ የተባሉ እስራኤላውያን ሳይንቲስቶች በ1989 ስለዚህ የአየር ሥርዓት ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። በዕብራይስጥ ሻራቭ፣ በዓረብኛ ሐምሲን የምንለውን ሙቀት ይዞ የሚመጣው አንዱ ይህ ነው።

በእኛ የምድር ክፍል ነፋስ በዝቅተኛ ግፊት ዙሪያ የሚዞረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ከምዕራብ እየቀረበን ሳለ እኛ የምናገኘው ነፋስ ከምሥራቅና ከደቡብ ነው። ይህን ልብ በሉ። ዝቅተኛው ግፊት ከአንድ ወገን ይመጣል፣ ነፋሱ ከሌላው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ባሕሩ አይቶ «ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ባሕሩም ጸጥ ብሏል» ይላል።

የምሥራቁ ነፋስ ከበረሃ ስለሚመጣ ደረቅ ነው። ነገር ግን እኛን የሚያቃጥለን ሌላም ምክንያት አለ። ወደ ባሕር ዳርቻው ለመድረስ ከይሁዳ ተራሮች መውረድ አለበት። ደጋና ቆላን የምታውቁ ሰዎች ናችሁ። ደረቅ አየር 100 ሜትር በወረደ ቁጥር 1 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ተነሥቶ እስከ አሽዶድ የወረደ አየር መንገድ ላይ ብቻ 8 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። በሻራቭ ቀን ባሕር አጠገብ ያለነው ኢየሩሳሌም ካሉት ዘመዶቻችን በላይ የምንጋለው ለዚህ ነው። በሌላ ቀን የሚያበርደን የባሕር ነፋስ የምሥራቁ ነፋስ ገፍቶት መግባት አቅቶታል። ሙቀቱ ከ35 ያልፋል፣ አንዳንድ ዓመት 40 ይደርሳል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። በር ስትከፍቱ የምድጃ አፍ እንደ መክፈት ነው።

ይህ ነፋስ አዲስ አይደለም። ኦሪትን ለምታውቁ አባቶች መንገር አያስፈልገኝም፤ በፈርዖን ሕልም ውስጥ ሰባቱን ቀጫጭን እሸቶች የመታቸው የምሥራቅ ነፋስ ነው። የዛሬ ገበሬም ያንኑ ነው የሚፈራው። ስንዴው ፍሬ በሚሞላበት ሰሞን የጠና ሻራቭ ከመጣ ፍሬው ይጨማደዳል። በብርቱካንና በአቮካዶ እርሻዎችም ገና የተቋጠረው ፍሬ ከዛፉ ይረግፋል።

ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው። ከዋዜማው ጀምሮ ቀጫጭን ደመና ከላይ ይዘረጋል። ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ከወዲያ፣ ከተራሮቹ በኩል ነው። ጤዛ የለም። ከንፈር ይደርቃል። የመኪና በር ሲነኩ ቆንጠጥ ያደርጋል። በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ ወደ ባሕሩ ይውለበለባል፣ ገና ሳትመለሱም ይደርቃል። ሰማዩ ቀስ በቀስ ቢጫ ይለብሳል፤ ያ የሰሃራና የሲና አቧራ ነው። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ያን ቀን ደጅ አይጫወት።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

እናቶቻችን ሲሞቃቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት መስኮት መክፈት ነው። «ነፋስ ይግባ» ይላሉ። በምዕራብ ነፋስ ትክክል ነው። በምሥራቅ ነፋስ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ውጭው 38 ሲሆን ቤት ውስጥ ገና 25 ነው። መስኮቱን ከፈታችሁ ማለት በረሃውን ሳሎን አስገባችሁ ማለት ነው። የኮንክሪቱ ግድግዳ ሙቀቱን ይጠጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ የሻራቭ ቀን ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ፣ መስኮቱን ዝጉ። ትሪሱን፣ ማለትም የመስኮቱን መከለያ፣ አውርዱ። ክፈቱ የምላችሁ ነፋሱ ወደ ምዕራብ ሲዞር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ላብ ነው። እርጥብ በሆነ ሙቀት ሰው ላቡን ያያል፣ ልብሱ ይጣበቃል፣ ውሃ ይጠጣል። በደረቅ ሙቀት ላቡ ከቆዳ ላይ ወዲያው ይተናል። ሰውዬው «እኔ አላላበኝም» ይላል፤ ውሃው ግን ከሰውነቱ እየወጣ ነው። ሽማግሌ ሰው ደግሞ ጥም ቶሎ አይሰማውም። ብዙዎቹ ወላጆቻችን የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አንዳንዱ መድኃኒት ውሃ የሚያስወጣ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተው «ጠጥቻለሁ» የሚሉ አሉ። ቡናው ይጠጣ፣ ማንም አይከለክልም። ከእያንዳንዱ ስኒ ጎን ግን አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡላቸው። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። የኤፕሪል 37 ዲግሪ ከኦገስት 33 ዲግሪ ይከፋል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በኦገስት ለምዷል። በኤፕሪል ግን ያ ሰው የዛሬ ሦስት ቀን ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር የተኛው። የመጀመሪያው ሻራቭ ሲመጣ ለብቻቸው የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ሄዳችሁ እዩ። ስልክ ብቻ አይበቃም። በስልክ «ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ እኛ ያደግነው ችግርን ለልጅ በማይነግሩ ሰዎች እጅ ነው። ንግግራቸው ከተምታታ፣ ከወደቁ፣ ቆዳቸው እንደ እሳት ከጋለ ጊዜ አትፍጁ። 101 ደውሉ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ጥላ ውስጥ አስተኝታችሁ ሰውነታቸውን በውሃ አርጥቡ፣ አናፍሱ።

ስለ እሳትም ልበል። ከዝናቡ ወራት በኋላ ሜዳው ለምለም ነው። ሁለት የሻራቭ ቀን ብቻ ሣሩን ወደ ጭድ ይለውጠዋል። ኤፕሪል 30 ቀን 2025 በኢየሩሳሌም ተራሮች የተነሣውን እሳት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ድርቀቱና ኃይለኛው ነፋስ ተባብረው እሳቱን ከተቆጣጣሪዎች እጅ አወጡት። ኢየሩሳሌምን ከቴል አቪቭ የሚያገናኘው መንገድ ቁጥር 1 ተዘጋ፣ መንደሮች ለቀው ወጡ፣ የነጻነት ቀን ዋዜማ የሄርጽል ተራራ ሥነ ሥርዓት ተሰረዘ። እሳት በሚነድበት በላግ ባዖመር በዓል ሰሞን እሳት የሚከለከልባቸው ዓመታት ያሉት በከንቱ አይደለም። ወጣቶች፣ ማንጋል ስታነዱ መጀመሪያ ልብስ የሚውለበለበው ወዴት ነው ብላችሁ እዩ። ከምሥራቅ ከሆነ ያን ቀን ሥጋው ቤት ይጠበስ።

ሻራቭ የሚያበቃበት ሰዓት እጅግ አስደናቂ ነው፤ እኔ ከዓመቱ አየር ሁሉ እሱን እወደዋለሁ። ዝቅተኛው ግፊት አልፎን ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። የምሥራቁ ነፋስ ድንገት ጸጥ ይላል። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይንቀሳቀስም፣ ሙቀቱም እዚያው ነው። ከዚያ በባሕሩ በኩል አድማሱ ይደበዝዛል፣ የመጀመሪያው ንፋስ በር ያላትማል፣ አቧራ ይነሣል። ነፋሱ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ገባ ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። አንዳንዴ ለውጡ 20 ይጠጋል። በአሽዶድ ዳርቻ ሰዉ ሹራብ ሲፈልግ ረሖቮትና ሎድ ያለው ሰው ገና ሊጋል ይችላል፤ የባሕሩ አየር እስኪደርሰው ጊዜ ይወስዳል። ያን ጊዜ መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ። አቧራው እስኪቀመጥ ትንሽ ታገሡና ክፈቱ።

አቧራው አየር ላይ እያለ ዝናብ ከመጣ ጭቃ ይዘንባል። መኪናችሁን ያጠባችሁት በዋዜማው ከሆነ አዝናለሁ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጉም አለ። እርጥቡ የባሕር አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በቆላው መሬት ላይ ይተኛል። በጎህ ሥራ የምትሄዱ፣ በተለይ አውቶቡስና ታክሲ የምትነዱ፣ ርቀት ጠብቁ።

ወደ ባሕሩ ልመለስ፤ ወጣቶቹን ዛሬ የጠራኋቸው ለዚህ ክፍል ነው። ብዙዎቻችን ዋና የተማርነው ካደግን በኋላ ነው። ጨርሶ ያልተማርንም አለን። ያደግነው ከባሕር በራቀ ደጋ ላይ ስለሆነ ባሕር ሲቆጣ ብቻ አደገኛ ይመስለናል። በሻራቭ ቀን ባሕሩ ዝርግ ነው። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውሃ ስለሚነፍስ ዳር ላይ ማዕበል የለም። ልጁ የሚነፋ ፍራሽ ይዞ ይገባል። ያው ነፋስ ፍራሹን ቀስ እያለ ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። ልጁ ዞር ብሎ ሲያይ ዳርቻው ርቋል። ውሃው ደግሞ 19 ዲግሪ ነው፤ ከ37 ዲግሪ አየር ድንገት ሲገቡበት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጡንቻ ያስራል። የምሥራቅ ነፋስ ባለበት ቀን የሚንሳፈፍ ዕቃ ወደ ባሕር ይዛችሁ አትሂዱ። ይሄ ምክር አይደለም፣ ልመና ነው።

ነፋሱ ወደ ምዕራብ ሲዞር ደግሞ አደጋው ይገለበጣል። ባሕሩ በአጭር ጊዜ ይነሣል። ወደ ዳር የተገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋልና ጠባብ መንገድ ይዞ ወደ ውስጥ በኃይል ይጎትታል። በዚያ የተያዘ ሰው ፊት ለፊት ወደ ዳር ከታገለ ይደክማል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ መውጣት ነው ያለበት፤ ካልቻለም ተንሳፍፎ እጁን እያውለበለበ ይጥራ። ባንዲራውን እዩ። ነጭ ከሆነ ይቻላል፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ክልክል ነው። ጠባቂ በሌለበት ዳርቻ ባንዲራም የለም፤ እዚያ አትግቡ። ነታንያ ያላችሁ ዘመዶቻችሁንም ከገደሉ ሥር እንዳይቀመጡ ንገሩልኝ። የነታንያ ገደል ልል ድንጋይ ነው፣ ዝናብ ካራሰው በኋላ ይናዳል።

የሳምንቱ መጨረሻ በዝናብ ሊያልቅ ይችላል። በባሕር ዳርቻው ከዓመቱ ዝናብ ሦስት እጅ ሁለቱ ያህል የሚጥለው በዲሴምበር፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ቴል አቪቭ በዓመት ከ500 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፣ ከዚያ ውስጥ የኤፕሪል ድርሻ 20 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ግን ትንሽነቱ አያታልላችሁ። በፀደይ የሚመጣው ዝናብ ነጎድጓድና በረዶ ይዞ በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

ይህ ዝናብ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ከሱዳንና ከኢትዮጵያ አካባቢ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ ሰሜን የሚዘረጋ ዝቅተኛ የአየር ግፊት አለ። በዚህ ወገን የኢትዮጵያ ደጋ፣ በዚያ ወገን የዓረብ ተራሮች ባሕሩን አጅበውት ይሄዳሉ። ብዙውን ጊዜ ይህ ግፊት እኛ ዘንድ የሚያመጣው ደረቅ የምሥራቅ ነፋስ ብቻ ነው። ከሰሜን በኩል ቀዝቃዛ አየር ከላይ ሲገጥመው ግን ከአፍሪካ የሚመጣ እርጥበት ይቀላቀልበታል፣ ያን ጊዜ በረሃው ላይ ደራሽ ይወርዳል። ኤፕሪል 26 ቀን 2018 በሙት ባሕር አቅራቢያ በናሐል ጻፊት ለጉዞ የወጡ 10 ወጣቶች በደራሽ ጎርፍ ሞተዋል። ስማቸው እዚህ አገር አይረሳም። ስለ ጎርፉ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ነበር።

ደራሽ ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ቆመህ ባለህበት ጠብታ ሳይወርድ ከላይ አገር የዘነበው ውሃ ይመጣል። ልጆቻችሁ ግን አያውቁም። ያደጉት ፎቅ ቤት ውስጥ ነው፣ የደረቀ ወንዝ መንገድ ይመስላቸዋል። በፀደይ ትምህርት ቤቱም የወጣት ማኅበሩም ወደ ደቡብ ጉዞ ይወጣል። ልጃችሁ የፈቃድ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት ትንበያውን ጠይቁ። የሜቴዎሮሎጂ አገልግሎቱ ቤት ዳጋን ከሚባለው ቦታ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ዕብራይስጡን ማንበብ ለሚከብዳቸው ወላጆች ልጆች አንብቡላቸው። ደራሽን ልጅ ሆነው ያዩት እነሱ ስለሆኑ ማስጠንቀቂያውን ከእናንተ በተሻለ ይረዱታል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄዎቹ እገባለሁ። በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በዚህች ጠባብ አገር ሰማይ እንደሚያልፉ ይገመታል። በማርችና በኤፕሪል ነጭ ሽመላዎች ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ይመለሳሉ። ከነሱ ውስጥ ኢትዮጵያና ሱዳን የከረሙ አሉበት። ሽመላ በክንፉ ብዙ አይደክምም፣ ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚሄደው። ባሕር ላይ እንደዚያ ያለ አየር ስለሌለ ከየብስ አይርቅም። የባሕሩ ነፋስ ሲበረታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራሮቹ ይገፋቸዋል። የምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስ ወደ እኛ ይቀርባሉ። ጠዋት ቀና ስትሉ ሽመላዎች በአሽዶድ ላይ እየዞሩ ካያችሁ ነፋሱ ከየት እንደሆነ ሳትጠይቁ አውቃችሁታል። ለልጅ አየርን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን እዚህ ላስፍር።

አንድ ወጣት «እማዬ ማዝጋን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን፣ አታበራም፣ መብራት ይቆጥራል ትላለች፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ራስ ሲነቀነቅ አይቻለሁ። መልሴ ይህ ነው። ቤቱን ሁሉ ማቀዝቀዝ አያስፈልግም። አንድ ክፍል ይበቃል። ትሪሱ ይውረድ፣ በሩ ይዘጋ፣ ማዝጋኑ 25 ወይም 26 ላይ ይደረግ፣ ከረፋዱ እስከ ማምሻው ይብራ። ሻራቭ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ነው፣ ቢበዛ ጥቂት ቀን። ለዚያ ጊዜ የሚወጣውን ገንዘብ ልጆች ተከፋፍላችሁ ክፈሉ፤ ለእሷም ቀድማችሁ ንገሯት፣ «ተከፍሏል» በሏት። ማዝጋን በሌለበት ቤት ደግሞ እናታችሁን ይዛችሁ ወደ ሌላ ቤት ሂዱ። ማዝጋን ያለው ጎረቤት የሌለውን ይጥራ። እኛ በቡና መጠራራት የምናውቅ ሰዎች ነን፤ በሻራቭ ቀን ቡናው ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ይፈላ።

አንዲት እናት ደግሞ «ይሄ መገለባበጥ መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉ። በጁን ያበቃል እማማ። በሜይ ሁለተኛ አጋማሽ ሻራቭ እየሳሳ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው የበጋ ነፋስ ይረጋል፣ ዝናቡም እስከ መስከረም ማለቂያ ድረስ ይቆማል። ሐምሌ ላይ ጎንደር ቀን ከሌት ሲዘንብባት እዚህ ጠብታ አይወርድም። ያን ጊዜ ችግሩ ሌላ ነው፤ ባሕሩ ራሱ 28 እና 29 ዲግሪ ስለሚደርስ ነፋሱ እርጥብ ይሆናል፣ ላብ አይደርቅም፣ ሌሊቱም አያሳርፍም። ስለዚያ ወደፊት ተመልሼ መጥቼ እናወራለን። እስከዚያ ግን ቢያንስ አንድ ሁለት ሻራቭ ይቀረናል፣ የሚቀጥለው ሲመጣ ማን ማንን ሄዶ እንደሚያይ ዛሬ ከመውጣታችን በፊት በየሕንፃችን ስም እንጻፍ። ወረቀቱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ።